ለሌላው ውሻ የቆመችው ውሻ

«የእኔንስ ማን አቆማት?» አሉኝ ሽማግሌው አዳኝ። መልስ አልጠበቁም፤ ወደ ውሻቸው መራመድ ጀመሩ። ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀረ። ወፍ አዳኞች ተሰብስበው ስለ ውሾቻቸው ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር፣ አንዲት ቡችላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ላይ ስትለቀቅ ባየሁ ቁጥር ተመልሶ ይመጣብኛል። አዳኝ በጠቋሚ ውሻው፣ ወፍ ሲያሸት ተገትሮ በሚያመለክተው ውሻው፣ ሲኮራ በትክክል የሚኮራው በምኑ ነው? በአፍንጫው ነው? በዘሩ ነው? ወይስ እሱን ባሠለጠነው በራሱ እጅ? ከዚያ ማለዳ በፊት ቢጠይቁኝ ሦስቱንም ደርድሬ መልስ ሰጠሁ ብዬ አልፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት አዳኞች ሁለት ውሾች ይዘው ወጥተዋል። እኔ ጠመንጃ አልይዝም፤ የምከተላቸው ውሾቹ ሲሠሩ ለማየት ብቻ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስደስቱኝ ነገሮችም ጥቂት ናቸው። ወጣቱ አዳኝ ያመጣው ጸጉረ አጭር፣ ነጭ ላይ ቡናማ የጣለበት፣ ፖይንተር ከሚባለው የጠቋሚ ዝርያ የሆነ ወንድ ውሻ ነው። የሽማግሌው ሴተር ከሚባለው ሌላ የጠቋሚ ዝርያ ናት፤ ጸጉረ ረጅም፣ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር የተረጨባት፣ ሰውነቷ ከፖይንተሩ ያነሰ ግን ለድካም የማትበገር። ሁለቱም ሣሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየቆረጡ፣ አፍንጫቸውን ከፍ አድርገው ነፋሱን ያስሳሉ።

ፖይንተሩ አንድ ቁጥቋጦ አጠገብ ሲደርስ፣ በሙሉ ሩጫ ላይ እንዳለ ተገትሮ ቀረ። አንገቱ ወደፊት ተዘረጋ፣ ጅራቱ ቀጥ አለ፣ አንዱ የፊት እግሩ ታጥፎ መሬት ሳይነካ ቆየ። ቆቅ አለ ማለት ነው። ሴተሯ በዚያ ጊዜ ከጉብታው ማዶ ነበረች። ነፋሱ የሚመጣው ከኋላዋ ስለነበር የቆቆቹ ጠረን ወደ እሷ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ጉብታውን በሩጫ ወጥታ ቁልቁል ስትወርድ ፖይንተሩን አየችው። አየችውና እሷም ቆመች። የምትመለከተው ቁጥቋጦውን አልነበረም፤ ዓይኗን የተከለችው በቆመው ውሻ ላይ ነው።

ወጣቱ በውሻው ኮራ፤ ይገባዋልም። ቀስ ብሎ ከፖይንተሩ ፊት አለፈ፣ ቆቆቹ ክንፋቸውን እያርገፈገፉ ተነሡ፣ ጠመንጃው ጮኸ፣ አንዲት ወፍ ወደቀች። ሁለቱም ውሾች ካሉበት አልተነቃነቁም። ዞር ብዬ ሽማግሌውን ሳያቸው፣ የበረሩትን ወፎች አላዩም፤ የወደቀችውንም አላዩም። ጠመንጃቸው ተከፍቶ ክንዳቸው ላይ እንደተጋደመ ነው። ፊታቸው ግን ያን ያህል በርቶ አይቼው አላውቅም።

«አየሃት?» አሉኝ።

«አየኋት። ግን ጋሼ፣ ወፎቹን ያገኛቸው የእሱ ውሻ ነው» አልኳቸው።

«የእሱንማ አፍንጫው አቆመው። የእኔንስ ማን አቆማት?»

መሮጥ ለሚወድ እንስሳ መቆም

ወፍ ማሳደድ ለውሻ ብርቅ አይደለም። ማንኛውም ውሻ፣ አልሠለጠነ አልተገራ፣ ወፍ ሲያይ ይሮጣል። የጠቋሚ ውሻ ልዩነት ፍላጎቱ በጋለበት ቅጽበት እግሩ የሚቆም መሆኑ ነው። ቀርቦ ላየው መቆሙ እረፍት አይደለም። የጎኑ ቆዳ ይንቀጠቀጣል፤ አፉ ተከድኖ በአፍንጫው ብቻ ይስባል፤ ዓይኑ ይፈጣል። ሰውነቱ በሙሉ «ሂድ» እያለው ነው የቆመው።

የውሻ ባሕርይ አጥኚዎች የሚሉት ይህ ነው፦ ተኩላ ሲያድን ድርጊቶቹ በሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ያነጣጥራል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፣ ይይዛል፣ ይገድላል። ከመወርወሩ በፊት ግን ርቀቱን የሚለካባት አጭር የዝምታ ቅጽበት አለች። ሰው ለብዙ ትውልድ እየመረጠ ሲያዳቅል ያንን ቅጽበት ረዘም፣ ከሱ በኋላ የሚመጣውን ደከም አደረገው። የእረኛ ውሾችም የዚያው ሰንሰለት ሌላ ቁራጭ ናቸው፤ ያፈጣሉ፣ ያደባሉ፣ ይከባሉ፣ ብዙዎቹ አይነክሱም። በጠቋሚው ውስጥ ያለው ተኩላ ለመወርወር ተዘጋጅቶ ሳይወረወር የሚቀር ተኩላ ነው።

ያም ሆኖ አዳኞች የሚኮሩበትን ለመረዳት ከባሕርይ ጥናት ይልቅ ከውሻው ኋላ ጥቂት መራመድ ይጠቅማል። ሰው በአፍንጫው ውስጥ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን የሚሆኑ የማሽተት ተቀባይ ሕዋሳት አሉት፤ ውሻ ግን እንደ ዝርያው ከ100 ሚሊዮን በላይ። ይህ ማለት አዳኙ ሜዳው ላይ ሲቆም ግማሹን ዓለም አያይም ማለት ነው። ጠረን ከወፏ ተነሥቶ በነፋስ እየሰፋ እንደ ጭስ ይሄዳል። ደረቅና ሞቃት ቀን ቶሎ ይበተናል፤ ቀዝቀዝና ረጠብ ያለ ማለዳ ይቆያል። ውሻው የዚህን ጠረን ጠርዝ በሩጫ ላይ እያለ ይነካል፣ ወደ ምንጩ ይታጠፋል፣ ከዚያ ደግሞ በጣም ከባዱን ይወስናል፦ የት ልቁም? ሩቅ ከሆነ ለአዳኙ ጥቅም የለውም፤ ከቀረበ ወፏ ትነሣለች። ይህን ርቀት ማንም ሰው ለውሻ ሊያስተምረው አይችልም፤ ሰው አያሸትምና። ወፎቹ ራሳቸው ናቸው የሚያስተምሩት፤ አብዝቶ ሲቀርብ እየበረሩ፣ ልክ ሲሆን እየቆዩ።

ለዚህ ነው ከቆመ ውሻ ፊት ማለፍ ቃልን ማመን የሆነው። ውሻው «እዚህ አለ» ብሏል፤ አዳኙ ባዶ ሣር ነው የሚያየው። አንዳንዴ ይገባል፣ ሣሩን በእግሩ ይመታል፣ ምንም አይነሣም። አብረው ያሉት መተያየት ይጀምራሉ፤ አንዱ «ባዶ ላይ ነው የቆመው» ይላል። የባለቤቱን ፊት ማየት ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው። ውሻውን የሚያውቅ ሰው አይጠራውም፤ ይጠብቀዋል። ወፏ በእግሯ እየተሹለከለከች ሄዳ ይሆናል፤ ውሻው ጥቂት እርምጃ በሆዱ እየተሳበ ይከተላል፣ እንደገና ይቆማል፣ ቆቁ ማንም ካላሰበው ቦታ ይነሣል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ምንም አይናገርም። መናገር አያስፈልገውም።

በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ውድኮክ የምትባለውን ወፍ የሚያድኑ ሰዎች ደግሞ ለውሻቸው አንገት ቃጭል ያስሩ ነበር፤ አሁንም የሚያስሩ አሉ። ውሻው ከዓይን ይሰወራል፣ ቃጭሉ ከቅጠሉ ውስጥ ይሰማል። ድምፁ ሲቋረጥ ውሻው ቆሟል ማለት ነው፤ አዳኙ ወደ መጨረሻው ድምፅ አቅጣጫ ይሄዳል። ዛሬ ከሳተላይት ጋር የሚገናኝ የአንገት መሣሪያ አለ፤ ውሻው የት እንደቆመ በእጅ በሚያዝ ስክሪን ላይ ይታያል። ውሻ እንዳይጠፋ ስለሚረዳ አልቃወመውም። ነገር ግን ስክሪን እያየ ከሚሄድና ጆሮውን አቁሞ ከሚሄድ አዳኝ መካከል ውሻውን ይበልጥ የሚያውቀው ሁለተኛው ይመስለኛል።

ከመረብ እስከ ነገሥታት ሥዕል

ይህ ኩራት አዲስ አይደለም። ጠመንጃ ለወፍ አደን ከመዋሉ በፊት የሴተሮች ቀደምቶች ወፍ ሲያገኙ መሬት ላይ ይተኙ ነበር፤ አዳኞቹ ትልቅ መረብ ይዘው ከኋላ ይመጡና በወፎቹ ላይ፣ አንዳንዴም በውሻው ጀርባ ላይ ጭምር ይጎትቱታል። ጆን ኬይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1570 ስለ አገሩ ውሾች በላቲን ሲጽፍ ይህን ዓይነቱን ውሻ ገልጾታል። ዛሬም ብዙ ሴተሮች ጠቁመው ሲቆሙ ዝቅ ብለው መሬቱን ሲጠጉ ይታያሉ። መረቡ ከተረሳ ስንት ዘመን ሆነው፤ የውሻው ሰውነት ግን አልረሳውም።

የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ደግሞ የሚወዷቸውን የአደን ውሾች ፍራንስዋ ዴፖርት በተባለው ሠዓሊ አሥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1702 የተሣሉት እነዚህ ውሾች ወፍ ፊት ተገትረው የቆሙ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸውም ስም ይታወቃል፦ ቦን፣ ኖን፣ ፖን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ለእነዚህ ውሾችም ውሏል። አንድን ዘመን በስሙ ያስጠራ ንጉሥ ምን የሚያኮራ አጥቶ ነው ውሻ ያሣለ? ቤተ መንግሥቱም፣ ድሉም፣ ወርቁም ነበረው። ነገር ግን በትእዛዝ የማይገኝ ነገር ነበር። ንጉሥ ሺህ ሰው «ቁም» ብሎ ሊያቆም ይችላል፤ ውሻን በማይታይ ወፍ ፊት በራሷ እንድትቆም ማዘዝ ግን አይችልም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች ይህን ነገር በዘር ውስጥ ለማጽናት ዕድሜያቸውን ሰጡ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ላቬራክ እ.ኤ.አ. በ1825 ፖንቶና ኦልድ ሞል የሚባሉ ሁለት ሴተሮችን ይዞ ጀመረ፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከእነሱ ዘር ጋር ኖረ። የዛሬው የእንግሊዝ ሴተር ከእሱ እጅ የወጣ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1865 በእንግሊዝ ቤድፎርድሺር፣ ሳውዝሂል በተባለ ቦታ ለጠቋሚ ውሾች የሜዳ ውድድር ተደረገ፤ በታሪክ የመጀመሪያው ተብሎ የሚመዘገበው እሱ ነው። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1874 በቴነሲ ግዛት ሜምፊስ አቅራቢያ ተከተሉ፤ ከ1896 ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ሻምፒዮና አላቸው። በዚያ ውድድር አንድ ውሻ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ መሥራት ይጠበቅበታል። ሜሪ ሞንትሮዝ የምትባል ፖይንተር በ1917፣ በ1919ና በ1920 አሸንፋለች፤ የወፍ ውሻ የሚያረቡ ሰዎች ስሟን ዛሬም ያነሣሉ።

ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው ይላሉ። ተረቱ የተነገረው ስለ ክፉ ውርስ ነው፤ ለደግ ውርስ ግን ለምን አይሆንም? በሁለት ወሯ የወፍ ክንፍ በክር ተንጠልጥሎ ሲታያት ተገትራ የምትቀር ቡችላ አይቻለሁ። ማንም አላስተማራትም። ያ ቅኝት ከጅማቷ ነው የመጣው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የአዳኙ ኩራት ላይ ጥያቄ ይነሣል፤ ውሻው ገና ሳይወለድ ሌሎች ሰዎች በሠሩት ነገር ዛሬ ያለው ሰው እንዴት ይኮራል? ለብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ የአዳኞችን ጨዋታ ጣዕም ያሳጣብኝ ነበር። «የእኔ ውሻ» ሲሉ በልቤ «የላቬራክ ውሻ» እላለሁ።

ያልሸተተችው ወፍ

ወደ ሴተሯ ልመለስ። ውሻ ሌላ ውሻ ጠቁሞ ሲቆም አይቶ፣ ራሱ ምንም ሳያሸት፣ ባለበት ሲቆም አጅቦ ቆመ እንበል። ሁለት ውሾች አብረው በሚያድኑበት ሜዳ ይህ ጸባይ ከሌለ ሥራው ሁሉ ይፈርሳል። ሁለተኛው ውሻ ዝም ብሎ ወደፊት ከሮጠ ወፎቹን ያስነሣል፣ ወይም ከቆመው ፊት አልፎ ግኝቱን የራሱ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ውሻም አይቆምም፤ ቆሞ የሚነጠቅ ከሆነ ለምን ይቆማል? ይሽቀዳደማል። በአንድ ወቅት ውስጥ ሁለት ጥሩ ውሾች ተበላሹ ማለት ነው።

ምክንያቱ ግን ሴተሯ ውስጥ ያለውን አይነግረኝም። ውሾች ቀናተኞች ናቸው። አብሯቸው ያለው ውሻ አንድ ነገር እንዳገኘ ሲያዩ ሊነጥቁት ይፈልጋሉ፤ ምግብም ላይ፣ ዱላም ላይ፣ የባለቤት እጅም ላይ። ሴተሯ ደግሞ ለወፍ የተወለደች ናት። ከጉብታው ስትወርድ ያየችው ነገር «እዚያ ወፍ አለ፤ ያገኘው ግን እሱ ነው» የሚል ነው። ለፖይንተሩ ቢያንስ ጠረኑ አለው፤ የቆመበትን ደስታ በአፍንጫው እየሳበ ነው። እሷ ምን አላት? ጠረን የለም፣ ወፍ የለም፣ ምስጋናም የለም። የሚበላ ሽልማት የለም። ያላት የሌላ ውሻ አቋም ብቻ ነው።

ቻርለስ ዳርዊን ወጣት ሳለ የወፍ አደን የሚወድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ባሳተመው ሥራ ውስጥ፣ ስለ ተፈጥሯዊ ባሕርይ ሲጽፍ፣ የፖይንተር ቡችሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ሲወጡ አንዳንዴ ጠቁመው እንደሚቆሙ፣ ሌሎች ውሾችንም አጅበው እንደሚቆሙ፣ ራሱም ይህን እንዳየ መስክሯል። እዚህ ጋ ነው የተገታሁት። ጠቁሞ መቆም በዘር እንደሚወረስ አውቅ ነበር። ሌላውን አጅቦ መቆምም ይወረሳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዳርዊን አክሎ የሚለው፣ ፖይንተር የሚጠቁመው ጌታውን ለመርዳት መሆኑን ራሱ አያውቅም ነው። እሺ፣ አያውቅም እንበል። ታዲያ ሳያውቅ ለሌላው የሚቆም እንስሳ ከየት መጣ? አንድ ጊዜ፣ የሆነ ቦታ፣ አንድ ውሻ ሌላውን አይቶ ቆመ፤ ያየው ሰውም «ይህችን ነው የማዳቅላት» አለ። ያ ሰው በጣም ብዙ ወፍ የምታገኘውን መምረጥ ይችል ነበር። ለሌላው ቦታ የምትተወውን መረጠ። ከእሱ በኋላ የመጡትም እንዲሁ መረጡ።

አጅበው የሚቆሙ ውሾች ሊታለሉ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ነጭ ድንጋይ ወይም የተቆረጠ ግንድ ከሩቅ አይተው ውሻ መስሏቸው የሚቆሙ አሉ። አሠልጣኞችም ይህንኑ ይጠቀሙበታል፤ ከጣውላ የተቆረጠና በጠቋሚ ውሻ ቅርጽ የተቀባ ምስል ሣር ውስጥ ያቆሙና ቡችላዋን ወደዚያ ያመጧታል። አንድ ሰው ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ክብር የለበትም፣ ነጭ ነገር ሲያይ የሚቆም ሰውነት ነው» ሊል ይችላል። እኔ አልስማማም። የሚታለል እምነት ያለው ብቻ ነው። እያንዳንዱን ነገር ቀርባ አሽትታ የምታረጋግጥ ውሻ በድንጋይ አትታለልም፤ አጅባም አትቆምም።

በሌላ ቀን ሽማግሌውን ስለ አሠለጣጠናቸው ጠየቅኋቸው። «ምን አደረጉላት ጋሼ?»

«ብዙ አላደረግኩም» አሉ። «ያላደረግኩት ይበልጣል።»

ዘረዘሩልኝ። በቡችላነቷ ወፍ ባስነሣች ጊዜ አልመቷትም። ሳትጠቁም ያስነሣችውን ወፍ ግን አንድም ቀን አልተኮሱባትም፤ ወፏ የቱንም ያህል ቀርባ ብትበር ጠመንጃቸውን ዝቅ አድርገው ያሳልፏታል። ብዙ ጥንቁቅ አዳኞች ይህን ያደርጋሉ። ውሻ ሮጦ ያስነሣው ወፍ ከወደቀ፣ ሩጫው ተሸለመ ማለት ነውና። ሌላ ውሻ ጠቁሞ ቆሞ እሷ ካለፈችው ደግሞ በዝምታ ሄደው በማሰሪያዋ ያዟትና ወደኋላ ወስደው ያስቀምጧታል፤ የዚያን ቀን አደን ለእሷ እዚያ ላይ ያበቃል። ቁጣ የለም፣ ጩኸት የለም። እሳቸው ራሳቸው ወፍ ሳይዙ የተመለሱባቸው ማለዳዎች ብዙ ናቸው።

ይህን ስሰማ የላቬራክ ጥያቄዬ መልስ አገኘ። እኒህ ሰው ውሻቸውን አልሠሯትም፤ እሳቸውም እንዲያ አላሉም። የተቀበሉት ነገር ነበር፣ ሊያበላሹት የሚችሉበት አንድ ሺህ አጋጣሚ ነበር፣ አላበላሹትም። ያቺ ማለዳ ላይ ፊታቸው የበራው ለዚህ ይመስለኛል። ፖይንተሩ ሲቆም የውሻው ጥረት ውጤት ታየ፤ ወፍ ተገኘ፣ ወፍ ወደቀ። ሴተሯ ስትቆም ግን የሚቆጠር ነገር አልተገኘም። ያልተበላሸ ነገር ብቻ ታየ። ይህን ዓይነት ኩራት ከውጭ ማንም አያየውም፤ ዓመታቱን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚያየው።

የሚቸኩል ኩራት

ሌላ ዓይነት ኩራትም አለ፤ አልወደውም። ቡችላው ገና እየተደናቀፈ ሳለ እንዲቆም፣ ተኩስ እንዲሰማ፣ እንዲታይ የሚፈልግ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተኩስ ያለ ጊዜው በጆሮው ላይ የጮኸበት ቡችላ የጠመንጃ ፍርሃት ሊይዘው ይችላል፤ ከያዘው ማዳኑ እጅግ ከባድ ነው። ጠመንጃ ከመኪና ሲወጣ ባየ ቁጥር ከመኪናው ሥር የሚደበቅ ውሻ አስቡ፤ አፍንጫው ወርቅ ሊሆን ይችላል፣ ማንም አያውቀውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ወፍ አጠገብ ሳለ አብዝቶ የተቀጣ ውሻ፣ በዱላም ሆነ በአንገቱ ላይ ባለ የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ሕመሙን ከወፏ ጋር ያያይዘዋል። ከዚያ በኋላ ጠረኑን ሲያገኝ ፊቱን አዙሮ፣ ምንም እንዳላገኘ ሆኖ ይሄዳል። አግኝቶ እንዳላገኘ መሆንን ከሰው ተማረ። ይህን ጉድለት ይዞ የሚወለድ ውሻ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ፤ ያየኋቸው ሁሉ ኩራቱ የቸኮለበት ሰው እጅ ያለፈባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ውሻ ባለቤት ሌሎች ፊት ሲቆም የሚናገረው ስለ ውሻው ስንፍና ነው። ስሰማው ደሜ ይፈላል።

የሜዳ ውድድሮች ላይ ያለኝ ስሜት የተደበላለቀ ነው። በአንድ በኩል ሰዎች ለሪባንና ለዋንጫ ሲሉ ከተራ አዳኝ እግር ጋር የማይሄዱ፣ በፈረስ ብቻ የሚከተሏቸው ሯጭ ውሾችን አርብተዋል። የውበት ትርኢት ያመጣው ጉዳት ደግሞ የባሰ ነው፤ በአንዳንድ ዝርያዎች ለጸጉርና ለቁመና የተመረጠው ወገን ከሜዳው ወገን ተለያይቶ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ሥራው ሁለት ሆኗል። በሌላ በኩል ግን የሜዳ ውድድር ሕግ አንድ ነገር ጠብቆልናል። ውሾቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይለቀቃሉ፤ ሠልጥነው ያለቁ ውሾች በሚወዳደሩበት ደረጃ አብሮት ያለው ውሻ ጠቁሞ ሲቆም አይቶ የማያጅብ፣ ወይም ግኝቱን የሚነጥቅ፣ የቱንም ያህል ወፍ ቢያገኝ ከውድድሩ ሊወጣ ይችላል። ሽልማት ባለበት፣ አሸናፊ አንድ ብቻ በሆነበት ቦታ፣ ለተፎካካሪ መቆም ግዴታ ሆኖ መጻፉ ያስደንቀኛል። ይህን ሕግ ያወጡት አዳኞች የሽማግሌውን ጥያቄ ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም።

ከማን ጋር ታድናለህ?

በቅርቡ ሴተሯ ወለደች። ወሬው ተሰማና አንድ ሰው ቡችላ ሊገዛ መጣ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሰውየው ዐዋቂ ነው፤ የሚጠይቀውን ያውቃል። ስለ አባቷ ጠየቀ፣ ስለ እናቷ አፍንጫ ጠየቀ፣ ምን ያህል ርቃ እንደምትሠራ፣ በሙቀት እንደምትጸና፣ የወደቀ ወፍ እንደምታመጣ ጠየቀ። ሽማግሌው ሁሉንም በትዕግሥት መለሱ። ከዚያ ተራቸውን ጠየቁ።

«ከማን ጋር ታድናለህ?»

«ብቻዬን ነው» አለ። «አንድ ወንድ ፖይንተር አለኝ፤ ጎበዝ ነው። ብቻችንን ስንሆን ይሻለናል።»

«ሌላ ውሻ ጠቁሞ ሲቆም ያጅባል?»

ሰውየው አሰበ። «ከሌላ ውሻ ጋር አውጥቼው አላውቅም» አለ።

ሽማግሌው ወደ ቡችሎቹ ተመለከቱ፤ አንዷን አንሥተው በሆዷ ገልብጠው አዩአት፣ መልሰው አስቀመጧት። ይከለክሉት መስሎኝ ነበር። «ቡችላ እሰጥሃለሁ» አሉት። «መጀመሪያ ግን ያንን ውሻህን ከእኔዋ ጋር እናውጣው። እሷ ስትቆም ምን እንደሚያደርግ ልየው፤ አንተም እየው። ካላወቀበት ከእሷ ይማራል፤ ጊዜ አለን።»

ሰውየው መቼ እንደሚመቻቸው ጠየቃቸው። ጡቶቿ እስኪደርቁና ቡችሎቹ እስኪለዩ መጠበቅ እንዳለበት ነገሩት፤ ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ማለዳ ተቀጣጠሩ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።